ሞሚና በእጇ የነገረችኝ

ሐሙስ ሐሙስ እኔ ድርብ ፈረቃ ነኝ፣
ከፈትል ክፍል ነው ማታው የሚያገኘኝ።
ኮምቦልቻ ሙሉ ቴሌቪዥን ሲከብ፣
እኔ ማሽኔ ሥር ክሬን ስሰበስብ፣
ስለዚህ መርከቧን አይቻት አላውቅም፣
ከዋክብት መሐል ስትበርም፣ ስትወድቅም።
አርብ ጠዋት ብቻ፣ በባጃጅ ወንበር ላይ፣
ካዩት ሰዎች ፊት ነው ፊልሙን የማይ።

ያን ሐሙስ አምስት ሰዓት ተረኞቹ መጡ።
ሌላ ጊዜ ሲገቡ ወሬ እየተሻሙ ነው፤
ዛሬ ካርዳቸውን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው
ቀስ ብለው መቱት።
«ምን ሆናችሁ?» አልኩኝ። ማንም አልመለሰ፤
አራጋው ብቻ አፍንጫውን በክንዱ አበሰ።

በፈትል ቤት ጩኸት አፍ ምን ሊያደርግልህ!
ጣት ነው የሚያወራህ፣ ቅንድብ የሚመልስልህ።
ሞሚና ከጎኔ ቆማ ጀመረችኝ፣
ጠቋሚ ጣቷን ቀስራ «አዛዧ ናት» አለችኝ።
ክርኗን ቀጥ አድርጋ አንገቷን ስታደርቅ
ገባኝ፤ «አስራ አንድ» ነው፣ ያ ሮቦት፤
ባለፈው ወር ቀልድ ለምዶ ሰፈሩን ያሳቀው፣
እኔ ሳላየው በሰው ሳቅ የማውቀው።

አንዱን መዳፏን አየሩ ላይ ለጠፈች፤
ሌላውን ከወዲያ። መሐላቸው መስታወት።
በሩ ተዘጋ፤ አዛዧ ውጭ ቀረች።
ውጭ የቱ ነው? ቀና ብላ አሳየችኝ፦
ከቆርቆሮው በላይ፣ ከሐረጎም በላይ፣ ከጦሳም በላይ፣
ትንፋሽ የማይገኝበት ጥቁር ሰማይ ላይ።
መርከቧ እንድትድን ቁልፉን የሚጫን አንድ ጣት ያስፈልጋል።
ሞሚና ጣቷን ዘረጋች።
ጣቷ ተንቀጠቀጠ።
ሰባተኛው እንዝርት ላይ ክሯ ተበጠሰ፣
አልቀጠለችውም።
ተቆጣጣሪው ሽኩር ፊሽካ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ፤
ዞርም አላለች።

ጠዋት ከፋብሪካው በር፣ ቦርከና ጉም ለብሶ፣
ክርክሩ ተነሳ የሌሊቱ ዝምታ ፈርሶ።
«ሩህ የሌለው ነገር ምን ኃጢአት አለው?» አለች ዘምዘም።
«ነፍስ ከሌለውማ ጣቱ ምን አንቀጠቀጠው?» አለ አራጋው።
«አልሞተችም! ሬሳዋን ማን አየ?» ብላ
የሺመቤት፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ ደብተሯን በጭኗ መታች።
ከብረታ ብረቱ ይመር መሐል ገባ፦
«ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ቀጥቅጫለሁ፤
ብረት የሚንቀጠቀጥ ብሎኑ ሲላላ ነው!»
ሳቁ። እሱ አልሳቀም።
ሚስቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣
«ተወው፣ ሲያወራ ነው፤ ማታ አጥፍቶት ሲያበቃ፣
እጁን በጠፋው ስክሪን ላይ ጭኖ ነው ያደረ» አለችኝ።

ቅዳሜ ደሴ ወጣሁ፣ ቀሚሴን ላስጠብብ፤
ቧንቧ ውሃ ያለው ሰፊ ሜትሩን ከወገቤ ሳይስብ፣
ስፒል እንደነከሰ፣ «አንቺ ብትሆኚስ ትጫኚ ነበር?» አለኝ።
«አላውቅም» አልኩት።
ዋጋ ጨመረብኝ።
ስመለስ ደግሞ እንድሪስ ባጃጁ ጀርባ ላይ
በነጭ ቀለም ጽፏል፤ የመጨረሻ ቃሏን፦
«ዝጋው፣ አስራ አንድ።»
ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራ ጠጥቷል።

እሑድ ተደገመ። አየሁት፤ ብቻዬን፣
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በገዛ ዓይኔን።
በሩ ትንሽ ነው።
መስታወቱም የሻይ ቤት መስታወት ያህል ነው።
መዳፍና መዳፍ የተገናኙት
ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው፤
ሞሚና ግን ሙሉ ፈረቃ ይዛው አድራለች።
ጣቱን ጠበቅሁ።
ጣቱ መጣ። ቁልፉን ተጫነ።
አልተንቀጠቀጠም።
ቀጥ ብሎ ነው የተጫነው፣ እንደ ማንኛውም ማሽን።

ታዲያ አራጋው ምን አየ? ይመርስ?
ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ብዙ ቆየሁ።

ሰኞ ከማሽኑ ማዶ ሞሚና ቅንድቧን አነሳች፦
«አየሽው?»
በጥጥ ብናኝ የነጣች ጣቴን ዘረጋሁ፤
ዓይኗን እያየሁ፣
አንቀጠቀጥኳት።